መጠነ ሙቀትና የኤንዛይም ሥራ፤ የአንድ ሙከራ ታሪክና ለክፍል ትምህርት የሚሰጠው ጥቅም

መግቢያ

በባዮሎጂ ትምህርት ዘወትር ከሚሠሩት የክፍል ሙከራዎች አንዱ፣ መጠነ ሙቀት በኤንዛይም ሥራ ላይ የሚያስከትለውን ለውጥ የሚያሳየው ሙከራ ነው። ሙከራው ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም፤ በውሃ ተበጥብጦ የፈላ ስታርች፣ ጥቂት ምራቅ፣ አዮዲን፣ የሙከራ ቱቦዎች፣ እንዲሁም ቀዝቃዛ፣ ለብ ያለና የፈላ ውሃ ከተገኘ ይበቃል። አፈጻጸሙ ቀላል በመሆኑም በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የሚሰጠው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ገጽ አያልፍም። በገጹ ግርጌ ኮረብታ የሚመስል ግራፍ ይሣላል፤ በኮረብታው ጫፍ ላይም 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚል ቁጥር ይጻፋል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ቁጥር ነው። ተማሪው ሙከራውን በጥንቃቄ ሠርቶ ከ37 ዲግሪ የተለየ ውጤት ያገኘ እንደሆነ፣ ብዙውን ጊዜ በዓይኑ ያየውን ትቶ የመጽሐፉን ቁጥር ይጽፋል። መምህሩም ውጤቱን በመጽሐፉ መሠረት ያርማል። በዚህ አኳኋን የምርምርን መንገድ ለማስተማር የታቀደው ሙከራ የሽምደዳ መለማመጃ ሆኖ ይቀራል። ይሁን እንጂ የጉዳዩ ታሪክ ሲመረመር፣ ከፍተኛው የሥራ ነጥብ ለእያንዳንዱ ኤንዛይም ተወስኖ የተሰጠ ቋሚ ቁጥር አለመሆኑ ከመቶ ዓመት በፊት የታወቀ ነገር ነው። ይህ ጽሑፍ ያን ታሪክ ባጭሩ ለማሳየትና ለክፍል ትምህርት ምን ዓይነት መመሪያ እንደሚሰጥ ለማመልከት የተዘጋጀ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. የምግብ መፈጨትና የአካል ሙቀት

እስከ 18ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ ሊቃውንቱ ምግብ በጨጓራ ውስጥ የሚፈጨው እንደ ወፍጮ በመደቆስ ነው ወይስ በፈሳሽ ኃይል በመሟሟት በሚለው ጥያቄ ይከራከሩ ነበር። ፈረንሳዊው ሬኦሚር በ1752 ባወጣው ጥናት፣ ጫፎቻቸው ክፍት በሆኑ ትንንሽ የብረት ቱቦዎች ውስጥ ሥጋ እያደረገ ለአንድ ጭልፊት ያውጠው እንደነበር ገልጿል። ወፉ ቱቦዎቹን መልሶ ሲተፋቸው ሥጋው ተሟሙቶ ተገኘ። ቱቦው ሥጋውን ከመደቆስ ስለሚከላከለው፣ ሥራውን የሠራው ፈሳሹ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። ሬኦሚር በስሙ የሚጠራውን የቴርሞሜትር መለኪያ ያወጣው ሰው መሆኑም መታወስ አለበት፤ የሕይወትን ሥራ መመርመርና ሙቀትን በቁጥር መለካት ከመነሻቸው ጎን ለጎን የተጓዙ ናቸውና።

ጥያቄውን ወደ ሙቀት ያዞረው ግን በኢጣልያ በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ስፓላንዛኒ ነው። እርሱም የጨጓራን ፈሳሽ ከእንስሳት አውጥቶ ከሥጋ ጋር በመስተዋት ቱቦ ውስጥ አደረገ። ፈሳሹ ከአካል ውጭ ሆኖ እንዲሠራ የአካልን ሙቀት ማግኘት እንዳለበት በመረዳቱም ቱቦዎቹን በራሱ ብብት ሥር ሸጉጦ ለቀናት ያቆያቸው ነበር። ሥጋውም በብብት ሥር ተሟሟ፤ በቀዝቃዛ ስፍራ የተቀመጠው ግን ለውጡ አዝጋሚ ሆነ። በ1780 የታተመው ይህ ሥራ ለመምህራን የተለየ ትርጉም አለው። መሣሪያ የለም በሚባልበት ቦታ የሰው አካል ራሱ ሙቀቱ የማይለዋወጥ መሣሪያ ሆኖ ሊያገለግል እንደሚችል አሳይቷልና።

ከዚህ በኋላ ጉዳዩ በሰው ላይ ተመረመረ። በ1822 በሰሜን አሜሪካ በማኪናክ ደሴት አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የተባለ የፀጉራም ቆዳ ንግድ ሠራተኛ በጥይት ቆሰለ። ሕይወቱ ቢተርፍም የጨጓራው ቁስል ወደ ውጭ እንደተከፈተ ቀረ። የጦር ሠራዊት ሐኪም የነበረው ዊልያም ቦሞንትም ከ1825 ጀምሮ በዚያ ቀዳዳ በኩል የጨጓራውን ፈሳሽ እየቀዳ ብዙ ሙከራዎችን አካሄደ፤ ውጤቱንም በ1833 በመጽሐፍ አወጣ። ቴርሞሜትር ወደ ጨጓራው አስገብቶ ሙቀቱ 100 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል መሆኑን ለካ፤ ፈሳሹንም በጠርሙስ አድርጎ በዚያው ሙቀት ላይ ሲያቆየው ሥጋን አሟሟ። በብርድ የቆየው ፈሳሽ ግን ሥጋውን እምብዛም አልነካውም። ለዛሬው ትምህርት ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፦ ቅዝቃዜ ሥራውን ያዘገየዋል እንጂ ኃይሉን አያጠፋውም፤ ሙቀት ሲመለስለት ሥራውም ይመለሳል።

2. ከብቅል የተገኘው ንጥረ ነገር

ቦሞንት መጽሐፉን ባወጣበት በዚያው በ1833 ዓመት ፓየንና ፔርሶ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የኬሚስትሪ ሊቃውንት ስታርችን ወደ ስኳርነት የሚለውጥ ንጥረ ነገር ከገብስ ብቅል ለይተው አወጡ። ዘዴያቸውም ብቅሉን በውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን ማጥለልና በአልኮል አማካይነት ነጭ ዝቃጭ ማግኘት ነበር። ይህንንም ዲያስታዝ ብለው ሰየሙት። ይህ ንጥረ ነገር ከ65 እስከ 75 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ በፍጥነት ይሠራል፤ ፈሳሹ የፈላ እንደሆነ ግን ኃይሉን ፈጽሞ ያጣል። በመሆኑም የሙቀት ሁለት ጠባይ፣ ማለትም አፋጣኝነቱና አጥፊነቱ፣ በአንድ ንጥረ ነገር ላይ ተጣምሮ ታየ።

ይህ ግኝት ለኢትዮጵያ መምህር እንግዳ አይደለም። ጠላ የምትጠምቅ ባልቴት ገብሱን ዘፍዝፋ ካበቀለችው በኋላ ብቅሉን የምታደርቀው በፀሐይ እንጂ በምጣድ አይደለም። አሻሮው ይቆላል፤ ቂጣው ይጋገራል፤ ብቅሉ ግን ሳይቆላ ተፈጭቶ ይጨመራል። የዚህ ልዩነት ምክንያት በኬሚስትሪ ቋንቋ ሲገለጽ፣ ቆሎ የሆነ ብቅል ዲያስታዙ ጠፍቶ የአሻሮውንና የቂጣውን ስታርች ወደ ስኳር ሊለውጥ ስለማይችል፣ ጥንስሱም የሚብላላበትን ስኳር ስለሚያጣ ነው። መምህሩ ትምህርቱን ከዚህ ቢጀምር ተማሪው ስለ ኤንዛይም ከቤቱ ይዞት የመጣ እውቀት እንዳለው ይገነዘባል።

በ1836 ሽቫን የተባለው ጀርመናዊ ከጨጓራ ፈሳሽ ፔፕሲንን አገኘ። ኤንዛይም የሚለው ስም ግን የወጣው ዘግይቶ ነው። በ1870ዎቹ ኪውነ የተባለው ሌላው ጀርመናዊ «በእርሾ ውስጥ» የሚል ትርጉም ካላቸው የግሪክ ቃላት ወሰደው። ቡክነር በ1897 እርሾን ከአሸዋ ጋር ፈጭቶ የጨመቀው ጭማቂ፣ ሕይወት ያለው ሴል ሳይኖርበት ስኳርን ወደ አልኮል ሲለውጥ ባየ ጊዜ ደግሞ፣ ኤንዛይም በሕይወት ውስጥ የሚሠራ ነገር ግን በኬሚስትሪ ሕግ የሚመራ ንጥረ ነገር መሆኑ ታወቀ። ስለዚህም የመጠነ ሙቀት ጥያቄ ወደ ኬሚስትሪ ሕግ ተሸጋገረ።

3. የፍጥነት ሕግና ሁለቱ ተቃራኒ ኃይሎች

ሆላንዳዊው ቫንት ሆፍ በ1884 ባሳተመው መጽሐፍ፣ መጠነ ሙቀት በ10 ዲግሪ ከፍ ባለ ቁጥር የብዙ ኬሚካዊ ለውጦች ፍጥነት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ እንደሚጨምር አመለከተ። ስዊድናዊው አሬኒየስ በ1889 የዚህን ምክንያት አብራራ። ከ20 ወደ 30 ዲግሪ ሲኬድ በፍጹም መለኪያ ከ293 ወደ 303 መሄድ ነውና የሙቀቱ ጭማሪ ከመቶ 3 ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ የሥራው ፍጥነት ግን በእጥፍ ያድጋል። ይህም ሊሆን የቻለው ለውጥ የሚያደርጉት ሞለኪዩሎች ሁሉ ሳይሆኑ ከተወሰነ ወሰን ያለፈ ጉልበት ያላቸው ጥቂቶቹ ብቻ በመሆናቸው ነው። ሙቀት በጥቂቱ ሲጨምር አማካዩ ጉልበት ብዙ ባይለወጥም ወሰኑን የሚያልፉት ሞለኪዩሎች ቁጥር እጅግ ይበዛል። ኤንዛይም ደግሞ ያንን ወሰን ዝቅ የሚያደርግ ነው።

ይህ ሕግ የግራፉን መውጫ ያስረዳል፤ መውረጃውን ግን አያስረዳም። የመውረጃውን ምክንያት ለመረዳት ጉስታፍ ታማን በ1890ዎቹ የሰጠው አስተያየት ታላቅ እርምጃ ነበር። በእርሱ አስተያየት በአንዱ ቱቦ ውስጥ ሁለት ለውጦች በአንድ ጊዜ ይካሄዳሉ። አንደኛው ኤንዛይሙ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ሁለተኛው የኤንዛይሙ የራሱ መጥፋት ነው። ሁለቱም በሙቀት ይፈጥናሉ፤ ሆኖም የሁለተኛው ፍጥነት ከአንደኛው እጅግ በላቀ መጠን ያድጋል። ከፍተኛው ነጥብ የተባለው እንግዲህ በሁለቱ ተቃራኒ ኃይሎች መካከል የሚገኝ ሚዛን ነው እንጂ የኤንዛይሙ ብቸኛ ጠባይ አይደለም።

ይህን የሚያጠናክር ሌላ ማስረጃ በ1890 ከእንግሊዝ አገር መጣ። በቢራ ጠመቃ ሥራ ውስጥ የነበሩት ኦሱሊቫንና ቶምሰን፣ የሸንኮራ ስኳርን የሚሰብረው ኢንቨርታዝ የተባለው ኤንዛይም ስኳሩ አብሮት ሲኖር፣ ብቻውን ሆኖ ከሚችለው በ25 ዲግሪ የበለጠ ሙቀት እንደሚቋቋም አረጋገጡ። አንዱ ኤንዛይም አብሮት ባለው ነገር ምክንያት የሙቀት ወሰኑ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ወሰኑን በአንድ ቁጥር ማሰር አስቸጋሪ መሆኑ ግልጽ ነው።

4. የጊዜ ጉዳይ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለመምህራን እጅግ ጠቃሚ የሆነው ምዕራፍ የእንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ የብላክማን ነው። ብላክማን በ1905 ስለ ከፍተኛ ነጥብና ስለ ገቺ ሁኔታዎች ባወጣው ጽሑፍ፣ ከፍተኛ ነጥብ የሚባለውን አስተሳሰብ አጥብቆ ነቀፈ። ቅጠሎች በከፍተኛ ሙቀት ውስጥ የሚያደርጉትን ፎቶሲንተሲስ ሲመረምር፣ ሥራው በመጀመሪያው ጊዜ ፈጣን ሆኖ ሰዓቱ እየገፋ በሄደ መጠን እየደከመ እንደሚሄድ አስተዋለ። ስለዚህ «ሥራው የሚፈጥነው በስንት ዲግሪ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ከስንት ደቂቃ በኋላ ሲለካ?» የሚል ሁለተኛ ጥያቄ ሳይጨመርበት መልስ ሊሰጠው አይገባም።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፣ ሁለት ቱቦዎች አሉ እንበል። አንዱ በ40፣ ሌላው በ60 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ተቀምጧል። በ60 ዲግሪ ያለው በመጀመሪያው ደቂቃ 4 እጅ ሲሠራ በ40 ያለው 1 እጅ ይሠራል። ሆኖም በ60 ያለው ኤንዛይም ፈጥኖ በመጥፋቱ ጠቅላላ ሥራው በ6 እጅ ላይ ይቆማል፤ በ40 ያለው ግን በየደቂቃው 1 እጅ መሥራቱን ይቀጥላል። በ2ኛው ደቂቃ የለካ ተማሪ 60 ይበልጣል ይላል፤ በ20ኛው ደቂቃ የለካው ደግሞ 40 ይበልጣል ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። መምህሩ አንዱን አርሞ ሌላውን ቢሰርዝ ግን የተሳሳተው እርሱ ይሆናል።

በዚሁ ዘመን የአለካኩ ሥርዓትም ተሻሻለ። በ1909 ሶረንሰን የአሲድነት መጠን በኤንዛይም ሥራ ላይ ያለውን ታላቅ ተጽዕኖ አሳየ። በ1913 ሚካኤሊስና ሜንተን በበርሊን የኢንቨርታዝን ሥራ ሲመረምሩ አሲድነቱን ወስነው፣ መጠነ ሙቀቱንም በ25 ዲግሪ ላይ አጽንተው፣ ስኳሩን ብቻ እየለዋወጡ በየሙከራው የመጀመሪያውን ፍጥነት ለኩ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው፤ አንድ ነገር ሲለወጥ ሌላው ሁሉ እንዲጸና ማድረግና ኤንዛይሙ ሳይደክም መለካት።

5. በሙቀት የሚጠፋው ምንድን ነው?

ኤንዛይም በሙቀት «ይጠፋል» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለመመለስ በቅድሚያ ኤንዛይም ከምን እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልግ ነበር። አሜሪካዊው ሰምነር ግራ እጁን በወጣትነቱ በአደን አደጋ ያጣ ሰው ሲሆን፣ ከ1917 ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ከደከመ በኋላ በ1926 ዩሪያዝ የተባለውን ኤንዛይም ከባቄላ ዘር አውጥቶ በጠጣር ክሪስታል መልክ አገኘው፤ ፕሮቲን መሆኑንም አስታወቀ። ታዋቂ ሊቃውንት ለጊዜው አልተቀበሉትም ነበር። ኖርትሮፕ በ1930 ፔፕሲንን በተመሳሳይ መንገድ ካገኘ በኋላ ግን ክርክሩ እየተዳከመ ሄደ፤ ሁለቱም በ1946 የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆኑ።

ኤንዛይም ፕሮቲን ከሆነ በሙቀት የሚደርስበት ነገር በእንቁላል ነጭ አስኳል ላይ ከሚደርሰው ጋር ይመሳሰላል። ቻይናዊው ህሲየን ዉ በ1931፣ ፕሮቲን ሲሞቅ የሚፈርሰው የተጣጠፈበት ቅርጹ መሆኑን፣ ሰንሰለቱ ግን እንደማይበጠስ የሚያስረዳ ሐሳብ አቀረበ። ኤንዛይም የሚሠራው በቅርጹ ስለሆነ ቅርጹ ሲፈርስ ሥራው ይቆማል። ይህ መፍረስም ሁልጊዜ የማይመለስ አይደለም። ኖርትሮፕ በ1932 ትሪፕሲንን በአሲድ ውስጥ አሙቆ ሲያቀዘቅዘው ኤንዛይሙ ኃይሉን መልሶ እንደሚያገኝ አሳይቷል። በ2001 ዳንየል፣ ዳንሰንና አይዘንታል ያቀረቡት አዲስ አስተያየት ደግሞ፣ ኤንዛይሙ ፈጽሞ ከመፍረሱ በፊት ሙቀት ሲጨምር ወደማይሠራ ሁኔታ እየሄደ፣ ሲቀንስም ሊመለስ እንደሚችል ያመለክታል። ከዚህ የተነሳ ጉዳዩ ዛሬም በምርምር ላይ ያለ እንጂ ተዘግቶ የተቀመጠ ምዕራፍ አይደለም።

6. ከፍል ውሃ የተገኘው ትምህርት

በ1966 ቶማስ ብሮክና ተማሪው በአሜሪካ የሎውስቶን ፍል ውሃ ውስጥ፣ አብዛኞቹ ሌሎች ተሕዋስያን ሊኖሩበት በማይችሉት ሙቀት የሚኖር ባክቴሪያ አገኙ። ከዚሁ ባክቴሪያ በ1976 የተለየው ዲ ኤን ኤ የሚገነባ ኤንዛይም 80 ዲግሪ አካባቢ በሚገባ ይሠራል። ፈላ ሊል የተቃረበ ውሃ ሙቀትም ቶሎ አያጠፋውም። ከ1988 ጀምሮ ዲ ኤን ኤን በማሞቅና በማቀዝቀዝ ለማባዛት ያገለገለው ይኸው ኤንዛይም ነው። በ2020 የኮቪድ-19 ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ በኢትዮጵያም ጭምር የተሠራበት የላቦራቶሪ ምርመራ የተመሠረተው በዚህ የማባዛት ዘዴ ላይ ነው። በአገራችንም የስምጥ ሸለቆ የሶዳ ሐይቆች ተመርምረዋል፤ በ1998 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የታተመ ጥናት ከእነዚህ ሐይቆች በተገኘ ባክቴሪያ ውስጥ ሙቀትን የሚቋቋሙ ኤንዛይሞች መኖራቸውን ገልጿል። እንግዲህ ሁሉም ኤንዛይም በ37 ዲግሪ ላይ ይበልጥ ይሠራል የሚለው አነጋገር የሰውን አካል ብቻ በማሰብ የተነገረ ነው።

7. ታሪኩ ለክፍል ሙከራ የሚሰጠው መመሪያ

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ በመነሣት መምህራን የሚከተሉትን ነጥቦች ልብ ቢሉ ይጠቅማቸዋል።

ሀ. ምራቁና ስታርቹ ለየብቻቸው በተፈለገው ሙቀት ላይ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ከዚያ በኋላ ይደባለቁ። አስቀድመው ከተደባለቁ ሥራው የሚጀመረው ሙቀቱ ከመስተካከሉ በፊት ነው። ለንጽሕና ሲባልም እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ምራቅ ብቻ ይጠቀም።

ለ. አዮዲን በሞቀ ቱቦ ውስጥ አይጨመር። የስታርችና የአዮዲን ሰማያዊ ቀለም ፈሳሹ ሲሞቅ ይጠፋል፤ ሲቀዘቅዝም ይመለሳል። ይህን ያላወቀ ተማሪ በፈላው ቱቦ ውስጥ ስታርቹ አልቋል ብሎ ይደመድማል። ስለዚህ በየደቂቃው ጥቂት ጠብታ ወደ ነጭ ሰሐን ወስዶ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ አዮዲን ማድረግ ይገባል።

ሐ. የፈላ ውሃ ሁሉ 100 ዲግሪ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። «የክፍል ሙቀት» የሚባለውም በደጋና በቆላ አንድ አይደለም። ተማሪው በቴርሞሜትር ያነበበውን ይጻፍ እንጂ የሚጠበቀውን አይጻፍ።

መ. ቀዝቃዛው ቱቦ በመጨረሻ ወደ ለብታ ውሃ ይዛወር፤ የፈላውም ይቀዝቅዝና ወደዚያው ይግባ። የመጀመሪያው መሥራት ሲጀምር ሁለተኛው ሳይሠራ ይቀራል። በመቆምና በመፍረስ መካከል ያለውን ልዩነት ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር የለም።

ሠ. የሚቻል ከሆነ ከምራቅ ጎን ለጎን በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ የተጠለለ ያልተቆላ ብቅል ይሞከር። በ60 ዲግሪ ላይ የምራቁ ኤንዛይም ፈጥኖ ሲዳከም የብቅሉ መሥራቱን ይቀጥላል።

ረ. የሚሣለው ግራፍ በየትኛው ደቂቃ እንደተለካ በርእሱ ላይ ይመልከት። በ2ኛውና በ20ኛው ደቂቃ የተገኙት ውጤቶች በሁለት የተለያዩ መስመሮች ቢሣሉ ተማሪዎቹ ብላክማን የደረሰበትን በራሳቸው እጅ ያገኙታል።

ማጠቃለያ

ከስፓላንዛኒ ብብት አንሥቶ እስከ ፍል ውሃው ባክቴሪያ የተደረገው ጉዞ ወደ ሁለት መቶ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ወስዷል። በዚህ ዘመን ሁሉ እውቀቱን ወደ ፊት የገፋው፣ ከተጠበቀው የተለየ ውጤት ሲገኝ ውጤቱን ከመሰረዝ ይልቅ ምክንያቱን መጠየቅ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች በግራፉ ጫፍ ላይ አንድ ቁጥር ከማስቀመጥ ይልቅ ኤንዛይሙንና የመለኪያውን ጊዜ አብረው ቢጠቅሱ፣ ፈተና አውጪዎችም ቁጥሩን ከመጠየቅ ይልቅ የተገኘውን ውጤት እንዲያብራራ ተማሪውን ቢጠይቁ፣ ለዚህ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ወጪ ከጥቂት የቀለም ጠብታ አይበልጥም። ጥቅሙ ግን ከፍ ያለ ነው። በእጁ የያዘውን ቱቦ አይቶ ያየውን በታማኝነት የሚጽፍ ተማሪ፣ ነገ በጤና ጣቢያም ሆነ በእርሻ ቦታ የሚያየውን በታማኝነት የሚመዘግብ ሠራተኛ ይሆናልና።